ባለወተቷ፣ ባልንጀራዋና ባለባጃጁ፤ ለሚኤሶ የታሰበ ኮሜዲያ

በዕድሜው የገፋ ሰው ለጋ ልጃገረድ ባገባ ጊዜ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይመርቃል፤ የሚያማም ቢኖር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ ሴት ግን ከእርስዋ በብዙ ዓመት የሚያንስ ሰው ልታገባ አሰበች የተባለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ገና ከበር ሳይወጣ ሣቁ ገበያ ይደርሳል። የዓመቱ ልዩነት አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ስለ ምን ሁለት እንደ ሆነ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ላይ ጥቂት ልንመረምረው ፈቀድን።

የውጭውን ዓለም ብናይ ምሳሌው ቅርብ ነው። በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር ዶናልድ ትራምፕ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኢማኑኤል ማክሮን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በትውልድ ዓመት ሲቈጠር የትራምፕ ባለቤት ወይዘሮ ሜላኒያ ከባላቸው በ24 ዓመት ያንሳሉ፤ የማክሮን ባለቤት ወይዘሮ ብሪዢት ከባላቸው በ24 ዓመት ይበልጣሉ። ቍጥሩ በሚዛን ቢቀመጥ ወዲህም ወዲያም አያጋድልም። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ማክሮን፣ እኔ ከሚስቴ በሃያ ዓመት የምበልጥ ብሆን ኖሮ ነገሩን ማንም ባላነሣው ነበር ብለው ለጋዜጣ እስከ መናገር ደርሰዋል። በሌላው ቤት ግን ስለዚህ ነገር መልስ ይስጡ ተብሎ የተቸገረ ሰው መኖሩን አልሰማንም።

በአገራችን ታሪክም ቢሆን ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በዕድሜ የሚበልጧቸውን፣ ከፊት ጋብቻቸውም ልጆች የነበሯቸውን ወይዘሮ ባፈናን ወደው ብዙ ዓመት አብረው ኖረዋል። ኋላ ተለያዩና ንጉሡ በ1875 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ ብጡልን አገቡ። በወይዘሮ ባፈና ላይ የቀረበው ክስ እጃቸውን ወደ መንግሥት ሥልጣን ዘረጉ የሚል ነበር እንጂ በዓመት ይበልጣሉ የሚል አልነበረም። የሴት ዓመት የሚቈጠረው ሌላ የሚያስፈራ ነገር በታጣ ጊዜ ነው ለማለት ያስደፍራል።

ሣቅ ባለበት ሥፍራ ደግሞ ኮሜዲያ አይጠፋም። በአማርኛ ቋንቋ የመጀመሪያው ቴአትር ተብሎ የሚቈጠረውን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መሆናቸው የታወቀ ነው። በ1910ዎቹ ዓመታት የአውሬዎችን አፍ ተውሰው የሹማምንቱን ጕድለት ቢያናግሩ ነገሩ ስላልተወደደ፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ማሳየት እስከ መከልከል ደረሰ። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን ግን ሌላው ሥራቸው ነው፤ ይኸውም እኒሁ የኮሜዲያ ጀማሪ የጨርጨርን አገር አስተዳድረው፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ለከተማነት ያበቁ መሆናቸው ነው። ከአሰበ ተፈሪ ደጋ ወደ ቈላው የሚወርድ መንገደኛ ሚኤሶን ያገኛል። እንግዲህ ያ አገር ለኮሜዲያ ባዕድ አይደለም ብንል ማንም አይከሰንም።

ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት፣ በሐረር የተወለዱት አቶ መንግሥቱ ለማ በሁለት የታወቁ ኮሜዲያዎች በጋብቻ ነገር አሥቀውናል። «ጠልፎ በኪሴ» በጠለፋ ልማድ ላይ ይሥቃል፤ «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ የመኳንንት ዘር ከቤቱ ሠራተኛ ጋር ሲፈቃቀድ የሚነሣውን ሁከት ያሳያል። በአማርኛችን «አቻ» ማለት በማዕርግም ሆነ በዕድሜ እኩያ ማለት ነው። ደራሲው ከሁለቱ የማዕርጉን አቻነት ይዘው የዕድሜውን ለሌላ ብዕር ተዉት። በዚያም ላይ፣ በእንዲህ ያለ ቴአትር ዕድሜዋ ጠና ያለ ሴት ብትገባ ብዙ ጊዜ የሚደርሳት የአክስትነት ወይም የአማችነት ሥፍራ ነው፤ የሌሎችን ፍቅር ለማሰናከል ትገባለች፣ ሲታረቁም እልል ትላለች። የራስዋ ጕዳይ ያላት፣ ስለዚያም ጕዳይ የምትመክርበት ባልንጀራ ያላት ሴት እንድትቆምልን ስንሻ፣ ዓይናችን ወደ ሚኤሶ ዞረ። ምክንያቱን እንናገራለን።

ሚኤሶን ከተማ ያደረጋት የምድር ባቡር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ሥራው ለብዙ ዓመት ቆሞ ከቆየ በኋላ በዚሁ ቈላ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አሮጌው ባቡር መመላለሱን ከተወ በኋላም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሠራ፣ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላው ኩባንያ ስለ ዘረጋው የሁለቱ ሥራ የተጋጠመው በሚኤሶ ነው። ለጋብቻ ነገር መልካም ምልክት ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ስለ ሐዲድ ብቻ መናገራችን ነው።

በዚህ አገር ኢቱ ኦሮሞና ኢሳ ሱማሌ ጎረቤታሞች ናቸው። ማሽላ ይዘራል፤ ላም፣ ፍየልና ግመል ይረባል። ወተቱ ግን የሴቶች ነው። ዕቃውን በጢስ አጥነው የሚያሰናዱት፣ ለገበያ የሚያወጡት፣ ዋጋ የሚከራከሩበትም እነርሱ ናቸው። የአንዲት ሴት ወተት ለብቻው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ያንኑ ይዞ እስከ ገበያ መሄድ ድካሙ ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ ጎረቤታሞች ይስማሙና የሁሉንም ወተት ዛሬ ለአንዲቱ ይሰጧታል፤ እርስዋም ሸጣ ገንዘቡን ለራስዋ ትይዛለች። ነገ ተራው የሌላዋ ነው። ማኅበሩን «ፈረቃ አነኒ» ይሉታል። «አነን» በኦሮምኛ ወተት ማለት ነው፤ «ፈረቃ» የሚለውን ግን ለአማርኛ አንባቢ መተርጐም አያሻም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በሚኤሶ ስለ ላምና ስለ ግመል ወተት ገበያ የተደረገ ጥናትም ይህን ልማድ መዝግቦታል።

ዕቁብን የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያስተውለዋል። ነገር ግን በመካከላቸው ታላቅ ልዩነት አለ። ዕቁብ በገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ያድራል። ወተት አያድርም። ዛሬ ወተቷን ለጎረቤቷ ያስረከበች ሴት ነገ እንደሚመለስላት የምታውቀው በሌላ ዋስትና ሳይሆን ጎረቤቷን በማወቋ ነው። ስፍሩ እንዳይጐድል፣ ውኃ እንዳይገባበት፣ ላሟ ወይም ግመሏ የነጠፈችባት ሴት ምን እንደምታደርግ፣ ይህን ሁሉ የሚያጸናው ባልንጀርነት ነው። እንግዲህ በሚኤሶ የሁለት ሴቶች ወዳጅነት የቡና ሰዓት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የቤት መተዳደሪያም ነው። ኮሜዲያውን ወደዚያ ለመውሰድ የፈለግነውም ስለዚሁ ነው።

አሁን በሐሳባችን አንዲት ሴት እናቁም። ስም አንሰጣትም፤ የእኔን ነገር ጻፉብኝ የምትል እንዳትነሣብን። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው እንበል። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሁለት የሚታለቡ ግመሎች፣ ጥቂት ፍየሎችና የሃያ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አሏት። ባልንጀራዋም ባል የሞተባት፣ በዕድሜም እኩያዋ ናት፤ ወደ ፈረቃው የገቡት በአንድ ወር ነው። ወተቱ ከተሸጠ በኋላ በየቀኑ በአንደኛዋ ቤት አቦል፣ ቶናና በረካ ይጠጣሉ፤ በዚያም ሰዓት የሚኤሶ ሰው ሁሉ ጕዳይ ይፈረዳል። ወጣቱ ደግሞ ባጃጅ የምትባለውን ባለ ሦስት እግር መኪና የሚነዳ፣ ማለዳ ማለዳ የሴቶቹን ወተት ወደ ዋናው መንገድ የሚያመላልስ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የሚነሣው ከአንዲት የሰዋስው ስሕተት ነው። ወጣቱ ባለወተቷን ሁልጊዜ «እትዬ» እያለ፣ በ«እርስዎ» እያከበረ ነው የሚያነጋግራት። አንድ ቀን የወተቱን ዕቃ ልታነሣ ጐንበስ ስትል «ተይው፣ ከባድ ነው» ይላታል። ባልንጀራዋ ሰማች። ባጃጁ እስኪርቅ ጠበቀችና ነገሩን ጀመረች።

«ምን አለሽ?»

«ዕቃውን ተይው አለኝ።»

«ተይው? ትናንት ይተዉት አልነበረም የሚልሽ?»

«የባጃጁ ድምፅ ነው፤ አጥርተሽ አልሰማሽ ይሆናል።»

«እሺ፣ እኔ አጥርቼ አልሰማሁ። አንቺ ስለ ምን ሻሽሽን አስተካከልሽ?»

የሌላ አገር ደራሲ ለዚህ ትዕይንት ደብዳቤ ወይም አበባ ያስፈልገው ይሆናል። ለእኛ ግን ከ«ይተዉት» ወደ «ተይው» ያለው መንገድ ይበቃናል። በኦሮምኛም ቢሆን «ኢሲን» ብሎ የሚያከብር ሰው ድንገት «አቲ» ቢል ነገሩ እንዲሁ ያስደነግጣል። በድሮው ልማድ ሚስት ባሏን አንቱ ስትል፣ ባል ሚስቱን አንቺ ይል ነበር፤ ልማዱን ያጸናውም የባል በዕድሜ መብለጥ ነው። ሚስቲቱ በአሥራ ስድስት ዓመት ስትበልጥ ግን አንቱታው ለማን ይሁን? ባልንጀራዋ ይህንን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ቡና ላይ ታነሣዋለች። መጀመሪያ ሁለታችሁም አንቱ ተባባሉ ትላለች፤ ቀጥላም እንዲህ ያለ ቤት የባልና የሚስት ሳይሆን የሽማግሌዎች ሸንጎ ይመስላል ብላ የራስዋን ሐሳብ ታፈርሳለች።

በሁለተኛው ክፍል ባልንጀራይቱ መርማሪ ትሆናለች። የወጣቱን ወገን ታጠናለች፤ ማን ዘንድ ቡና እንደሚጠጣ፣ ባጃጁ የራሱ ወይም የሰው መሆኑን፣ ለሌሎቹ ሴቶች ጭነት ስንት እንደሚያስከፍል ትጠይቃለች። ከባለወተቷ ብቻ ሒሳብ ሳይቀበል የሚሄድበት ቀን መኖሩን ባወቀች ጊዜ ነገሩ ተገለጠላት። በወተት ገበያ ሒሳብ ሳይቀበል የሚሄድ ሰው የለምና። ከዚያ በኋላ የዓመት ቈጠራ ይመጣል።

«አንቺ በተዳርሽበት ዓመት እኮ ነው የተወለደው!»

«እንግዲያው የዓለምን ነገር በአንድ ዓመት ጀመርነዋ።»

በዚህ መልስ ሰው ይሥቃል። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ደራሲው ጥቂት ዝም ማሰኘት ይገባዋል። ይህች ሴት በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስትዳር ፈቃዷን የጠየቀ አልነበረም። ባሏ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጣት ነበር፤ አንድም ሰው አልሣቀም። ባሏ ሲሞት ደግሞ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ከእርስዋ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚያንሰውን የባሏን ወንድም አቀረቡላት። በኦሮሞም በሱማሌም ዘንድ ባል የሞተባት ሴት ለሟቹ ወንድም የምትተላለፍበት ልማድ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜም አንድ ሰው አልሣቀም፤ ያን ቀን ዓመት የቈጠረ አልነበረም፤ የተቈጠረው ግመሉ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሴት የባሏን ወንድም እንዳታገባ ይከለክላል፤ እርስዋ ግን ሕጉን ሳትጠቅስ በፈቃዷ እንቢ ብላ ስምንት ዓመት ብቻዋን ኖረች። እንግዲህ በዕድሜ የሚያንስ ባል በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ራስዋ መምረጧ ነው። የሚያስቀውም፣ ወይም የሚያስቈጣው፣ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ባልንጀራይቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ በእንቢታው ቀን አጠገቧ የቆመችው እርስዋ ነበረች። ታዲያ አሁን ስለ ምን ትቃወማለች? ፊት ስለ ሰው ሣቅ ትናገራለች። ቀጥሎ ስለ ፍየሎቹ፤ ወጣቱ የሚወደው አንቺን ነው ወይስ በረትሽን ትላለች። ይህ ጥያቄ እንደ ክፋት ሊቈጠርባት አይገባም። ወተት በተራ በሚሸጥበት ማኅበር የአንዲቱ ባል ገንዘብ አባካኝ ቢሆን ጕዳቱ ለሌሎቹም ይተርፋል። በመጨረሻ ግን አንድ ቀን አቦሉን ቀድታ፣ ሲኒውን እንደያዘች፣ የልቧን ትናገራለች።

«የባል ቤት ቡና በአቦል ያልቃል። ቶናውንና በረካውን ከማን ጋር ልጠጣው?»

ባለወተቷ መልስ የላትም። እኛም ለደራሲው እዚህ ላይ መልስ እንዲጽፍላት አንመክረውም። አንዲት ሴት ባል ስታገባ ዘመድ ሁሉ ተቈጥሮ ይጠራል፤ ይካሣል፤ ይመረቃል። ሃያ ዓመት ቡና አብራት የጠጣች ባልንጀራ ግን ተከፍሎ የማይከፈል ነገር ሲወሰድባት በሠርጉ ላይ ዳቦ ተሸክማ ከመቆም በቀር ሥፍራ የላትም። ያላቻ ጋብቻ የሚያፈርሰው የባልና የሚስቱን ማዕርግ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ከቀልዱ ወጥተን አንድ የከበረ ታሪክ ማስታወስ ይገባናል፤ ሚኤሶም የሚበዛው ሕዝቧ ሙስሊም ስለ ሆነ ታሪኩን በዚያ የማያውቅ የለም። ነጋዴይቱ ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ ነቢዩ ሙሐመድን ባገቡ ጊዜ፣ ብዙው ትውፊት እንደሚለው እርስዋ የአርባ፣ እርሳቸው የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ። ባል ሞቶባቸው የነበሩ፣ ሀብታቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። ነገሩን በመካከል ገብታ ወደ ነቢዩ ያደረሰችው ነፊሳ የተባለች ባልንጀራቸው መሆኗን የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሃያ አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ነቢዩ በላያቸው ሌላ ሚስት አላገቡም። ይህን የምናነሣው ለሣቅ አይደለም። የባልንጀራ ሥፍራ ከጥንት የታወቀ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ በእኛም ኮሜዲያ አንዲት አሮጊት ይህንኑ ታሪክ ለባልንጀራይቱ ታስታውሳታለች። «ነፊሳ ብትቃወም ኖሮስ?» ትላታለች። ከዚያ በኋላ ተቃዋሚይቱ ተቃውሞዋን ትታ በሌላ ትጋት ትነሣለች።

ሦስተኛው ክፍል የሽምግልናው ነው፤ እኛ እጅግ የምንወደውም ይህንኑ ነው። ወጣቱ በአገሩ አጠራር «ጃርሳ» የሚባሉትን ሽማግሌዎች ይልካል። ሽማግሌ የሚላከው ለልጅቱ አባት ነው። የባለወተቷ አባት ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወንድምም የላትም። በቤቱ ያለው ወንድ የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጇ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ጋቢ ደርቦ በአባቱ ሥፍራ ይቀመጣል፤ ሦስት ሽበታም ሽማግሌዎችም በፊቱ ይቆማሉ። ታላቁ ሽማግሌ እንደ ልማዱ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ ሊጀምር አፉን ይከፍታል። ልጅ የለችም። «እኅትህን» ቢል እኅት አይደለችም። «እናትህን ለልጃችን» የሚል ቃል ደግሞ በሽምግልናው ዘመን ሁሉ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ያስላል፤ ውኃ ይለምናል። ከመጋረጃው ጀርባ ባልንጀራይቱ የሣቅዋን ድምፅ ለማፈን ሻሽዋን አፏ ውስጥ ትወትፋለች።

ልጁ ግን አይሥቅም። እንደ ታላቅ ሰው ፊቱን አጥቍሮ ይጠይቃል።

«ልጁ ሥራ አለው?»

«አለው፣ ጌታዬ።»

«ዕድሜው ደርሷል?»

ሙሽራው ከጠያቂው በስምንት ዓመት ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው «ደርሷል» ይላሉ። «እንግዲህ እናቴን ልጠይቃት» ይላል። ይህ ቃል እንደ ቀልድ ይሰማል፤ ነገር ግን በዚህ ቤት ሽማግሌ በመጣ ጊዜ «እርስዋን ልጠይቃት» የተባለው ያን ቀን መጀመሪያ ነው።

አሁን የሕጉን ነገር ማንሣት ግድ ይሆናል፤ መኳንንቱና ሹማምንቱ አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንደሚያውቁት የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም፣ ለጋብቻ ዝቅተኛውን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም አሥራ ስምንት ዓመት አድርገዋል። ከዚያ በላይ ወሰን የለም፤ በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ዓመት አይለፍ የሚል ቃልም የለም። ሕጉ ዓመት ቈጥሮ አይሥቅም ማለት ነው። ሌላው ነገር ግን ከዓመቱ ይልቅ ያሳስባል። እንደ ፌዴራሉ ሕግ አነጋገር ባልና ሚስት ከመጋባታቸው በፊት የነበራቸው ንብረት የግላቸው ሆኖ ይቀራል፤ ከተጋቡ በኋላ የሚገኘው ገቢ ግን፣ ከግል ንብረት የሚገኘው ሳይቀር፣ የጋራ ነው። እንግዲህ ግመሏ የባለወተቷ ብቻ ናት፤ የወተቱ ገንዘብ ግን የሁለቱ ነው። የፈረቃው ተራዋ በደረሰ ቀን የሴቶቹ ሁሉ ወተት በእጅዋ ስለሚሸጥ፣ የዚያ ቀን ገንዘብ የማን ሊባል ነው?

ይህንን ጥያቄ ያነሣችው ማን ትመስላችኋለች? ባልንጀራይቱ ናት። ፊደል በቈጠረ የጎረቤት ልጅ ሕጉን አስነብባ፣ ባልና ሚስት ስለ ንብረታቸው በጋብቻ ውል ሊስማሙ እንደሚችሉ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክሮች፣ ማለት ሁለቱ በባል፣ ሁለቱ በሚስት በኩል በሆኑ ምስክሮች ፊት መደረግ እንዳለበት ትማራለች። ከዚያም ውሉን በቃሏ ታስጽፈዋለች። የመጀመሪያው ቍጥር የግመሎቹ ነው። ሁለተኛው የፈረቃው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ቍጥር ጸሐፊውን ያስደንቀዋል፤ ሚስቲቱ ከወተት ሽያጭ በኋላ ያለውን ሰዓት፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ በባልንጀራዋ ቤት የማሳለፍ መብቷ የተጠበቀ ነው ይላል። ጸሐፊው ይህ የንብረት ነገር አይደለም ብሎ ይከራከራል። «ለእኔ ንብረት ነው» ትለዋለች። ወጣቱ ባለባጃጅ ሦስቱንም ቍጥር አንብቦ ሳይከራከር ይፈርማል፤ ስለ ፍየሎቹ የነበረው ጥርጣሬ የሚወድቀውም ያን ጊዜ ነው። በሚስት በኩል ካሉት ሁለት ምስክሮች አንዷ ባልንጀራይቱ ናት። ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም፣ የምስክር ዕድሜ የሚጻፍበትን ሥፍራ ጸሐፊው ይጠይቃታል። ባለወተቷን አየት ታደርግና «ሠላሳ ዘጠኝ» ትላለች። ሙሽራይቱም ወዲያው «የእኔም» ትላለች።

ይህ ኮሜዲያ የሚጻፍ ቢሆን አንድ ነገር ብቻ ለደራሲው እናሳስባለን። የሙሽራው ድርሻ ለማንም ቢሰጥ ግድ የለም፤ ባጃጅ መንዳትና ዝም ማለት የሚችል ወጣት አይጠፋም። ብርቱዋ ተዋናይት የምትፈለገው ለባልንጀራይቱ ነው። ቴአትሩ በአዲስ አበባ የሚታይ ከሆነ በፈቀዱት ሰዓት ይታይ። በሚኤሶ ለማሳየት የሚያስብ ሰው ካለ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አይጀምር፤ ከዚያ በፊት ወተቱ ተሸጦ፣ ቡናውም በረካ ላይ ደርሶ አያልቅምና።